ክሊፐሩን ከመጣላችሁ በፊት፦ «አፍርሳችሁ ከዜሮ ጀምሩ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ በብዛት ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን በሰፊው በተሠራባቸው ቋንቋዎች፣ በክሊፐር፣ በዲቤዝና በፎክስፕሮ፣ የተሠሩ የድሮ የዳታ ቤዝ ፕሮግራሞችን ወደ ዊንዶውስ ስለማሻገር ነው የሚናገረው። ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው ሙያውን እንደሚያውቁትም ያስታውቃል። ምክራቸውን እንዳለ ተቀብሎ ሥራ ላይ የሚያውል ድርጅት ግን ከባድ ጣጣ ውስጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ቋንቋው ሞቷል፤ ስለዚህ ኮዱ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ የድሮ ኮድ አንብቦ ከመረዳት አዲስ መጻፍ ይፈጥናል። ሦስተኛ፣ የችግሩ ሁሉ ምንጭ እነዚህ ፕሮግራሞች መረጃቸውን የሚያስቀምጡበት የዲቢኤፍ ፋይል ነው፤ መረጃው ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር (መረጃውን በአንድ ቦታ ይዞ ለሁሉም ወደሚያቀርብ የዳታ ቤዝ ሥርዓት) ከገባ ሌላው ቀላል ነው። አራተኛ፣ ጥቁሩን የዶስ ስክሪን አንለቅም የሚሉ ሠራተኞች ለውጥ ፈርተው ነው። አምስተኛ፣ ቀን ቆርጦ በአንድ ጊዜ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን ማብራት ይሻላል።

የምንስማማበትን ላስቀድም። መሻገሩ ግድ ነው። ክሊፐር የሚያወጣው ባለ 16 ቢት የዶስ ፕሮግራም ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ጨርሶ አይከፍትም። በ32 ቢት ጭምር የወጣው የመጨረሻው ዊንዶውስ 10 ነበር፤ እሱም ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዊንዶውስ 11 ከጅምሩ 64 ቢት ብቻ ነው። ዶስቦክስን በመሰለ ማስመሰያ (የድሮ ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ማስነሳት ይቻላል፤ ግን እሱ በዋናነት የተሠራው ለድሮ ጨዋታዎች ነው። ቪዶስ የሚባለው ለቢሮ ፕሮግራሞች ታስቦ ስለተሠራ ይሻላል። ያም ቢሆን ማስታገሻ ነው። ጸሐፊው «እዚያው መቆየት መፍትሔ አይደለም» ሲሉ ልክ ናቸው። የምንለያየው በአካሄዱ ላይ ነው።

«ቋንቋው ሞቷል»

ግማሹ እውነት ነው። ክሊፐርን በ1985 ያወጣው ናንታኬት የሚባል ኩባንያ ነው። በ1992 ኮምፒውተር አሶሺዬትስ ጠቀለለው። 5.3 የሚባለው የመጨረሻው ዋና እትም የወጣው በ1995 ነው። የፎክስፕሮም ዕጣ ያው ነው። ማይክሮሶፍት ፎክስ ሶፍትዌርን በ1992 ገዝቶ ቪዥዋል ፎክስፕሮን እስከ 9ኛው እትም አደረሰ፤ ድጋፉን በ2015 ጨርሶ አቆመ። ይህን ማንም አይክድም።

ግን ያበቃለት በማሸጊያ ይሸጥ የነበረው ምርት ነው። ቋንቋውማ አለ። ሃርበር የሚባለው ነጻ ኮምፓይለር (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጥ መሣሪያ) በ1999 ተጀመረ። የክሊፐርን ኮድ ተቀብሎ ሲ ወደሚባለው ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በተለመደ የሲ ኮምፓይለር የ32 ወይም የ64 ቢት ፕሮግራም ይወጣል። በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ከአላስካ ሶፍትዌር ደግሞ ኤክስቤዝ ፕላስ ፕላስ የሚባል በክፍያ የሚገኝ አማራጭ አለ። ኤክስ ሻርፕ ያንኑ ቋንቋ የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ወደሆነው ዶትኔት ያስገባዋል። ጸሐፊው ከሦስቱ አንዱንም አላነሱም። «ሞቷል» ብሎ የሚደመድም ሰው ቢያንስ እነዚህን ጠቅሶ ለምን እንደማይበቁ ማስረዳት አለበት።

ሃርበር የፕሮግራሙን የጽሑፍ ስክሪን ከነቀለሙ በአንድ የዊንዶውስ መስኮት ውስጥ የሚያሳይ ክፍል አለው። ስለዚህ በንጹሕ ክሊፐር የተጻፈ ፕሮግራም ብዙም ሳይነካ እንደገና ኮምፓይል ተደርጎ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ይነሳል። መልኩ የድሮው ነው። የዶስ የ640 ኪሎባይት ሜሞሪ ጭንቀት ግን ቀረ። ማስመሰያም አያስፈልግም። ይህ የመጨረሻው ግብ አይደለም፤ የመጀመሪያው ማረፊያ ነው። ድርጅቱ ኮምፒውተሮቹን ማደስ ይችላል፤ ፕሮግራመሩም ሳይዋከብ ቀጣዩን ያስባል።

እዚህ ላይ የማምነው ነገር አለ። ብዙ የድሮ ፕሮግራሞች በ16 ቢት አሴምብሊ ወይም ሲ የተሠሩ የሌሎች ሰዎች ላይብረሪዎችን (ዝግጁ የኮድ ስብስቦችን) ይጠቀማሉ። እነሱ እንዳሉ አይሻገሩም። ከላይብረሪዎቹ ለክሊፐር ቱልስና ለናንፎረም ሃርበር ውስጥ ምትክ አለ፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሩ የጻፈው ጽሑፍ) ጠፍቶ ኮምፓይል የተደረገው ፕሮግራም ብቻ የቀረለት ድርጅት ደግሞ የጸሐፊውን መንገድ ከመከተል ውጭ ብዙ ምርጫ የለውም።

«የድሮውን ኮድ ከማንበብ አዲስ መጻፍ ይፈጥናል»

ዋናው ልዩነታችን እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጸሐፊው «ተጠቃሚውን ጠይቁ፣ የሚፈልገውን መዝግቡ፣ ጻፉ» ይላሉ። ተጠቃሚው ግን የሚነግራችሁ የሚያየውን ነው። ፕሮግራሙ ከጀርባ ምን እንደሚሠራ አይነግራችሁም፤ አያውቀውምና። 20 እና 30 ዓመት ያገለገለ ፕሮግራም ውስጥ በየጊዜው የተጨመሩ ውሳኔዎች አሉ። ውሳኔውን የሰጠው ኃላፊ ጡረታ ወጥቷል። ደብዳቤው የት እንደገባ አይታወቅም። የቀረው ኮዱ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው። ያንን መስመር ሳያነቡ መጣል የድርጅቱን ደንብ መጣል ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር ምሳሌ ላምጣ። የእኩል ምልክቱን እንውሰድ። ክሊፐር ሁለት ጽሑፎችን በአንድ የእኩል ምልክት ሲያነጻጽር፣ «ሴት ኤግዛክት» የሚባለው ማስተካከያ ካልበራ በቀር፣ በቀኝ ያለው ጽሑፍ ሲያልቅ ያቆማል። ስለዚህ «ሀ12» የሚል የዕቃ ኮድ ከ«ሀ» ጋር እኩል ነው። በቀኝ ያለው ጭራሽ ባዶ ከሆነ ማንኛውም ጽሑፍ እኩል ይሆናል። የድሮ ፕሮግራመሮች ይህን አውቀው ተጠቅመውበታል። ተጠቃሚው መፈለጊያውን ባዶ ሲተወው ሪፖርቱ ሁሉንም ዕቃ ያወጣል፤ አንድ ፊደል ሲጽፍ በዚያ ፊደል የሚጀምረውን ብቻ ያወጣል። ለዚህ ሁሉ የተጻፈው አንድ መስመር ነው። መስመሩ እንዳለ ሲ ሻርፕ ወደሚባለው የዶትኔት ቋንቋ ሲተረጎም ባዶው መፈለጊያ ባዶ ሪፖርት ይሰጣል። ይህ እንኳ ቶሎ ይታያል። የማይታየው ሌላው ነው፦ በዚሁ ምልክት የሚሠራ የቅናሽ ወይም የግብር ምድብ ማጣሪያ፣ መያዝ የነበረበትን ዕቃ ሳይይዝ ሲቀር።

ማጠጋጋቱም እንዲሁ ነው። ክሊፐር 2.5ን ወደ ሙሉ ቁጥር ሲያጠጋጋ 3 ይላል። ማዝ ራውንድ የሚባለው የዶትኔት የማጠጋጊያ ትእዛዝ በሌላ መንገድ እንዲሠራ ካልታዘዘ 2 ይላል፤ ቁጥሩ እኩል መሐል ላይ ሲያርፍ ወደ ተጋማሹ ቁጥር ያጠጋጋልና። ዴልፊ በሚባለው ሌላ ቋንቋ ያለው ራውንድም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ደመወዝ ሲደመር ግን ሂሳቡ ከባንኩ ዝርዝር ጋር አልገጥም ይላል። ተጠቃሚውን «እንዴት ነው የሚጠጋጋው?» ብትሉት «እንደተለመደው» ይላችኋል። መልሱ ኮዱ ውስጥ ነው ያለው።

ጸሐፊው ለዚህ የሚሰጡትን መልስ እገምታለሁ፤ «የድሮው ኮድ እኮ የተወሳሰበ ነው፣ ስክሪኑና ደንቡ ተቀላቅሏል» ይላሉ። እውነት ነው። ኮዱ እንደ ወረደ ዊንዶውስ መስኮት ላይ ይለጠፍ ማለቴም አይደለም። እንዲያውም ያ ከሁሉ የከፋው ነው፤ እሳቸው ስላላነሱት እኔ ላንሳው።

በክሊፐር መሪው ፕሮግራሙ ነው። አት፣ ሴይ፣ ጌት በሚሉ ትእዛዞች የሚሞሉትን ቦታዎች ይደረድራል። ሪድ ሲል ተጠቃሚው በተራ ይሞላል። ሲጨርስ ቀጣዩ ስክሪን ይመጣል። በዊንዶውስ መሪው ተጠቃሚው ነው። የፈለገውን መስኮት ከፍቶ፣ ሳይዘጋው ሌላ ይከፍታል፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይሞላል፤ መሐል ላይ ትቶት ይሄዳል። ፕሮግራሙ የሚጠብቀው የእሱን እንቅስቃሴ ነው።

ይህ ለምን ያሳስባል? በድሮው ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ደንቦች የስክሪን ቅደም ተከተል ሆነው ነው የተቀመጡት። «ያልጸደቀ ደረሰኝ አይከፈልም» የሚል ሁኔታ ኮዱ ውስጥ ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። የክፍያው ስክሪን የሚከፈተው ከማጽደቂያው ስክሪን በኋላ ብቻ ስለሆነ የሚጽፈው ሰው አላስፈለገውም። ሁለቱን ስክሪኖች በዊንዶውስ ሁለት አዝራር ስታደርጓቸው ደንቡ ጠፋ። ማንም አልሰረዘውም፤ መቆሚያው ነው የተነሳው።

ወርክ ኤሪያም አለ። ክሊፐር የሚከፍተው እያንዳንዱ ፋይል በየራሱ ወርክ ኤሪያ (የሥራ ቦታ) ውስጥ ይቀመጣል፤ በዚያ ውስጥ አሁን የተያዘውን ሪከርድ የሚያሳይ አንድ ጠቋሚ አለ። አንድ ስክሪን ብቻ በሚከፈትበት ዓለም ችግር የለውም። ሁለት መስኮቶች ያንኑ የደንበኞች ፋይል በአንድ ወርክ ኤሪያ ሲጋሩ ግን አንዱ መስኮት ላይ ወደ ታች ሲወርዱ ሌላኛው ሳያውቀው የሌላ ደንበኛ ሪከርድ ላይ ያርፋል። ከዚያ ተጠቃሚው «አስቀምጥ» ይላል። የአንዱ ሂሳብ በሌላው ላይ ይጻፋል። የስሕተት መልእክት የለም። በፕራይቬት የተያዙ ተለዋዋጮችም (ዋጋ የሚይዙ ስሞችም) ከነሱ በታች ለሚጠሩ ተግባሮች ሁሉ የሚታዩ ስለሆኑ ተመሳሳይ ጉድ ያመጣሉ።

ስለዚህ የማምንበት አካሄድ ይህ ነው። ኮዱ መጀመሪያ በሃርበር ይነሳ፣ መልኩ ሳይለወጥ። ከዚያ ገና በጽሑፍ ስክሪን ላይ እያለ ደንቦቹ ከስክሪኑ ይለዩ። የቅናሹ ስሌት፣ የማጽደቁ ሁኔታ፣ የማጠጋጋቱ ሥርዓት ሁሉ የራሱ ተግባር ይሁን፤ የሚፈልገውን መረጃ በግልጽ ይቀበል፣ ከራሱ ውጭ በማይታዩ ሎካል ተለዋዋጮች ይሥራ። በቅደም ተከተል ብቻ ይከበር የነበረው ደንብ ኮዱ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ይግባ። በየደረጃው የሚወጣው ቁጥር ከድሮው ጋር ይነጻጸር። የዊንዶውሱ መስኮት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ ሥራው በብዙ ይቀላል። ደንቦቹ ተለይተው ከወጡ በኋላ «በሲ ሻርፕ እንጻፈው» ቢባል እንኳ ምን እንደሚጻፍ ታውቋል።

ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ኮምፒውተር አሶሺዬትስ ራሱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቪዥዋል ኦብጀክትስን ለዊንዶውስ የክሊፐር ተተኪ ብሎ አወጣ። የክሊፐር ፕሮግራም እንዳለ አይገባበትም ነበር፤ ለዚያ አዲስ ቤት እንደገና መጻፍ ይጠይቅ ነበር። ብዙ የክሊፐር ሰው አልተከተለውም። አንዳንዱ ወደ ዴልፊ ሄደ፣ አንዳንዱ እዚያው ዶስ ላይ ቀረ። ፋይቭዊን የሚባለው ላይብረሪ በአንጻሩ በዚያው በክሊፐር ቋንቋ የዊንዶውስ መስኮት ለመክፈት ስላስቻለ፣ ሰዎች ኮዳቸውን ይዘው ደረጃ በደረጃ ተሻገሩበት። ይኸው ላይብረሪ በኋላ ለሃርበርም ተሠራ።

«ችግሩ ዲቢኤፍ ነው፤ ኤስኪውኤል ይፈታዋል»

የዲቢኤፍን ድክመት ጸሐፊው በትክክል ገልጸውታል። በኔትወርክ ላይ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ራሱ ፋይሉን ከፍቶ ይጽፋል። ኢንዴክሱ (የፋይሉ መፈለጊያ ማውጫ) ሲጻፍ መብራት ቢጠፋ ይበላሻል። የተጀመረን ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚያጸና ወይም ሙሉ በሙሉ የሚመልስ ትራንዛክሽን የለም። ፋይሎቹ ያሉበት ማኅደር ላይ መጻፍ የሚችል ሠራተኛ ፋይሉን መሰረዝም ይችላል። የዊንዶውስ ኔትወርክ ፋይልን ለፍጥነት ሲል ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚያቆይበት አሠራርም ኢንዴክስ በማበላሸት ይታወቃል። በመጨረሻ ወደ ሰርቨር መሄድ ይገባል፤ እስማማለሁ።

«ሌላው ቀላል ነው» የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። ዲቢኤፍ ዝም ብሎ የሚቀበለውን ነገር ኤስኪውኤል እንዳለ አይቀበለውም። የተሰረዘ ሪከርድ ዲቢኤፍ ውስጥ አይጠፋም። መጀመሪያው ላይ ባለው አንድ ባይት ላይ ኮከብ ምልክት ይደረግበትና ፓክ በሚለው ትእዛዝ እስኪጸዳ ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ምልክቱን የማያይ ማዛወሪያ ከተጠቀማችሁ ከዓመታት በፊት የተሰረዙ ደንበኞች ተመልሰው ይመጣሉ። ባዶ ቀን ዲቢኤፍ ውስጥ ስምንት ክፍት ቦታ ነው፤ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ባዶ ጽሑፍን ወደ ቀን ሲለውጥ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ያደርገዋል። ያልተከፈለ ብድር በድንገት ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ሆኖ ይገኛል። በክሊፐር ኢንዴክስ ላይ ዩኒክ ማለት ድግግሞሽን መከልከል ሳይሆን መደበቅ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ የደንበኛ ቁጥር ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ ፕራይመሪ ኪ (የማይደገም መለያ) ሲደረግ ሰርቨሩ እንቢ ይላል፤ ያኔ ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። የገንዘብ ፊልዶችን ፍሎት (በግምት የሚያስቀምጥ የቁጥር ዓይነት) ብሎ ማስገባትም ያው የማጠጋጋት ጣጣ ነው፤ ዴሲማል (ልኩን የሚይዝ ዓይነት) መሆን አለባቸው።

ፊደልም አለ። የዲቢኤፍ ፊልድ ስፋት የሚለካው በባይት ነው። የእኛ ፊደል ከ1999ኙ 3.0 እትም ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መመዝገቢያ ውስጥ አለ፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ ሲቀመጥ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 30 ባይት የሆነ የስም ፊልድ የሚይዘው 10 ፊደል ብቻ ነው ማለት ነው። አዲሱን ሠንጠረዥ የድሮውን ስፋት ቀድቶ የሚሠራ ሰው ስሞችን ይቆርጣል።

ኮዱስ? የድሮው ፕሮግራም የሚሠራው ሲክ ብሎ ፈልጎ፣ ስኪፕ እያለ ሪከርድ በሪከርድ ተራምዶ ነው። ከሥሩ ያለውን ፋይል በኤስኪውኤል ሰርቨር ቀይሮ አረማመዱን እንዳለ መተው ሰርቨሩን በሺህ የሚቆጠር ጥቃቅን ጥያቄ ማስጨነቅ ነው። ሪፖርቱ ከድሮው ይልቅ ይዘገያል። ሰርቨር የሚጠቅመው «የዚህን ወር ድምር ስጠኝ» ተብሎ በአንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ነው። ይህ ደግሞ ኮዱን ማንበብ ይጠይቃል።

«ተጠቃሚው ለውጥ ፈርቶ ነው»

አንዳንዱ ይፈራል። አዲስ ሠራተኛ በመስኮት የተሠራውን ቶሎ እንደሚለምድም አልክድም። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ የሚመዘግብን ሰው ግን «ፈሪ» ከማለት በፊት ጣቱን ማየት ይገባል። በክሊፐር ስክሪን ኢንተር ይላል፣ ቀጣዩ ቦታ ላይ ነው። ቦታው ከሞላ ኢንተርም አያስፈልገው ይሆናል። ስክሪኑ ሳይደርስበት ቀድሞ ይጽፋል፤ የጻፈው ተሰልፎ ይጠብቃል። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። በተለመደው የዊንዶውስ ፎርም ኢንተር ወደ ቀጣዩ ቦታ አይወስደውም፤ ታብ ነው የሚወስደው። ኢንተር ጭራሽ «እሺ» የሚለውን አዝራር ተጭኖ ያልተሟላ ፎርም ሊያስቀምጥ ይችላል። በየመሐሉ እጁን አንስቶ ማውስ ይፈልጋል።

ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። ኢንተር እንደ ታብ እንዲሠራ ይደረጋል፣ የድሮዎቹ የኤፍ ቁልፎች ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ማንኛውም ሥራ ያለ ማውስ እንዲያልቅ ተደርጎ ይሠራል። የሚያስተካክለው ግን ቅሬታውን እንደ ሥራ ጥያቄ የሰማ ሰው ብቻ ነው።

«ቀን ቆርጦ በአንዴ መቀየር»

ጸሐፊው ሁለት ፕሮግራም ጎን ለጎን ማስኬድ ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ እንዲመዘግብ ያደርጋል ይላሉ። ሁለቱ ፋይላቸው ለየብቻ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ማንም አይዘልቀውም። ሃርበር ግን የክሊፐርን ዲቢኤፍና የኤንቲኤክስ ኢንዴክስ እንዳሉ ይከፍታል። የሪከርድ መቆለፊያ ስልቱ ከክሊፐር ጋር እስከተመሳሰለ ድረስ አሮጌውና አዲሱ ፕሮግራም በአንድ ሰዓት በአንድ ፋይል ላይ ይሠራሉ። ሁለቴ መመዝገብ የለም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሁለቱም የፋይሉን ኢንዴክሶች በሙሉ መክፈት አለባቸው። አንዱ ያልከፈተው ኢንዴክስ እሱ የጻፈውን አያውቅምና።

ስለዚህ ክፍል በክፍል መሻገር ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ሪፖርቶቹን አሻግራለሁ። ያነባሉ እንጂ አይጽፉም፤ ቢሳሳቱ መረጃ አያበላሹም። ቀጥሎ እንደ ደንበኛና ዕቃ መመዝገቢያ ያሉት ይመጣሉ። የገንዘቡ ስክሪን መጨረሻ ነው። እሱም የሚሻገረው የሁለቱ ፕሮግራሞች የወር መዝጊያ ሪፖርት መስመር በመስመር ተነጻጽሮ፣ ለእያንዳንዱ ልዩነት ምክንያቱ ሲታወቅ ነው። አንዳንዴ የተሳሳተው የድሮው ፕሮግራም ሆኖ ይገኛል። ያኔ ይታረም ወይስ አይታረም የሚለውን መወሰን ያለበት የሂሳብ ክፍሉ ነው፤ ፕሮግራመሩ አይደለም።